እሳት የሚጫርበት ቤት

ሸዋርካብሽ ነገር አትጥልም። ይህን የግቢው ሰው ሁሉ ያውቅላታል፤ እሷም እንዲያውቁላት ትወዳለች። ከመርካቶው በርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ስምንት ቤት አንድ ቧንቧና አንድ ማድቤት በሚጋራበት በዚያ ጠባብ ግቢ፣ ጎመን ያጠበችበት ውሃ ወለል ሳይወለወልበት አይደፋም። ወለል የተወለወለበትም ቢሆን አቧራ እንዳያስነሳ ደጅ ላይ ይረጫል እንጂ ቱቦ አያይም። የዱቄት ከረጢት አንሶላ ይሆናል፤ አንሶላው ሲሳሳ ፎጣ፣ ፎጣው ሲያልቅ የድስት መያዣ፣ የድስት መያዣው ሲነትብ ተገምዶ የኩራዝ ክር። ኩራዙ ራሱ የቲማቲም ጣሳ ነው። «ቆራሌው!» እያለ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬ በየበሩ ሲያንኳኳ የሷን በር ዘሎ ያልፋል። «እዚያ ቤት ከገባሁ እኔን ራሴን አጥበው ለሌላ ሥራ ያውሉኛል» ብሏል ይባላል።

እንጀራዋ በርበሬ መቀንጠስ ነው። በርበሬ በረንዳ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ደጅ ተቀምጣ፣ ከዛላው ላይ ጭራውን እየቀነጠሰች ሃያ ዓመት አሳልፋለች። ዓይኗ የማረቆውን ከአላባው ከሩቅ ይለያል፤ አፍንጫዋ ግን በርበሬ ከለመደ ወዲህ ሌላ ሽታ መቀበል ትቷል። ባሏ ካሳ ምናለሽ ተራ የዘይት ጣሳ እየቀጠቀጠ ምድጃና ማንቆርቆሪያ የሚሠራ፣ መዶሻው እንጂ አፉ የማይሰማ ሰው ነው። ልጅ አልወለዱም። እነሱም አያነሱት፣ ግቢውም አያነሳባቸው።

የሸዋርካብሽ ትልቁ ሀብት እሳቷ ነበር። ማታ ማታ ፍሟን አመድ ታለብሳለች፣ ጠዋት ገልጣ እፍ ትላለች፤ ያ እሳት በሃያ ዓመት ውስጥ ጠፍቶ ያደረው በጣት ለሚቆጠር ቀን ነው። ክብሪት ከቀበሌው ሱቅ የሚገኘው ሲመጣ ብቻ ነው፣ የሚመጣውም ሲያሰኘው ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሴቶች፣ ሰባት ገል ይዘው ደጇ ይቆማሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል። ሥጋ ባይጋሩም እሳት ይጋራሉ። እሳት ጫሪ አይቀመጥም ይባላል፤ በሸዋርካብሽ ቤት ግን ይቀመጥ ነበር። ማን አማጠች፣ የማን ባል ዘመቻ ተጻፈ፣ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና አመጣ ወይስ አላመጣም፣ ሁሉም ከዚያች ምድጃ ዙሪያ ተሰምቶ ነው ወደየቤቱ የሚበተነው። ሲሄዱም ፍማቸውን በገል ይዘው «እሳትሽ አይጥፋ» ይሏታል። በልጅ ስም «የእገሌ እናት» ተብላ የማትጠራ ሴት፣ በየማለዳው ሰባት ጊዜ ስትመረቅ ምን እንደሚሰማት መገመት አያቅትም። ቀኑን ሙሉ ከበርበሬው አጠገብ የሚያቆያት ያ ምርቃት ነበር።

እንግዲህ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የቀድሞው ተከራይ በለቀቀው ስምንተኛው በር ውስጥ ጠሂራ ገባች።

ጠሂራ ከስልጤ አገር የመጣች፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት፣ መርካቶ ውስጥ ሸክም የሚሸከመው የባህረዲን ሚስት ናት። ቀጭን፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰላምታዋ የማያልቅ። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እወዳት ነበር፤ ሸዋርካብሽም ወደደቻት። ያስተማረቻት እንኳ እሷ ናት፤ የቧንቧው ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ ማድቤት ውስጥ የማን ድንጋይ የት እንደሚቀመጥ። ለአሥራ አምስት ቀን ጠሂራም ከሰባቱ አንዷ ሆና ገሏን ይዛ ትመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀረች። ምን ነካት ሲባል፣ የራሷ እሳት አላት።

እሳቱ እንዲህ ነበር የሚሠራው። የከሰል ነጋዴዎቹ ማምሻውን ጆንያቸውን ሲያነሡ ከሥሩ የሚቀረውን ትቢያ፣ ማንም ቁብ የማይሰጠውን፣ ጠሂራ በመጥረጊያ ትሰበስበዋለች። በሳፋ ውሃ ታርሰዋለች፤ ከአንድ ጆንያ ውስጥ ቀይ ነገር እየዘገነች ትጨምርበታለች፤ ታሸዋለች፣ ታድበለብለዋለች። መጨረሻ ላይ በእያንዳንዱ ድቡልቡል መሐል አውራ ጣቷን ሰክታ ታወጣለች፤ ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ታሰጣዋለች። ታዲያ ከዚህ ድቡልቡል ከሰል አንዱ ጠዋት ተያይዞ ሽሮ ይሠራበታል፣ ለምሳ ይቆያል፣ ማታ አመድ ለብሶ ያድርና በማግስቱ ሲገለጥ እሳቱ እዚያው ይገኛል። ጢስ የለው፣ ብልጭታ የለው። ዋጋውም መጎንበስ ብቻ ነው።

ሸዋርካብሽ መጀመሪያ ግድ አልሰጣትም። ግድ የሰጣት በኅዳር ራጉኤል ነው። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስ ደጇ ላይ ገል የያዘ ሰው አልጠበቃትም። ስድስቱም ጠሂራ ደጅ ነበሩ፤ ያውም ተቀምጠው። ሳቃቸው እስከ ቧንቧው ይሰማል።

«አንቺን እንዳናስቸግር ብለን እኮ ነው ሸዋዬ» አለቻት ባይነሽ። ባይነሽ የግቢው አፍ ናት፤ የሚባለውን ሁሉ የምትለው እሷ ናት። «የጠሂራ እሳት አያልቅም። ደግሞ እፍ ማለት የለም፣ ዓይን አያስለቅስ!»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች ሸዋርካብሽ። ገብታ በሯን ዘጋችና ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ገል ቆጣሪ ሆነች። አንድ ሰሞን አምስት መጡላት፤ ከዚያ ሦስት፤ ከገና በኋላ አንዲት ዓይነ ደካማ አሮጊት ብቻ፣ እሳቸውም የጠሂራ በር ርቋቸው ነው። በየካቲት እሳቸውም ቀሩ፤ ጠሂራ ራሷ ፍሙን እየወሰደች ታደርስላቸው ጀመር። ይኼ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አንገበገባት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጥላት ትገላገል ነበር፤ ግን ጠሂራ ደግ ናት፣ ደግ ሰው ላይ መቅናት ደግሞ ቀናተኛውን ሁለት ጊዜ ያቃጥለዋል። ሸዋርካብሽ ሳቋን ጠላች። ጣሪያው ላይ ተደርድሮ የሚደርቀውን ከሰል ጠላች። ሰላም ስትላት የምትጎነበሰውን መጎንበስ እንኳ «ለታይታ ነው» አለች። ጠዋት ፍሟን ገልጣ ብቻዋን እፍ ስትል፣ ያ ሃያ ዓመት የሞቃት እሳት ለሁለት ሰው ሽሮ ብቻ የሚነድ ሆኖ ታያት፣ እንባዋም መጣ። ጢሱ ነው አለች ለራሷ።

ካሳም አላገዛትም። አንድ ቀን እራት ላይ፣ አፉን ሳይከፍት የሚውለው ሰውዬ አፉን ከፈተና፣

«ይቺ የባህረዲን ሚስት እጅ አላት» አለ።

«ምን ዓይነት እጅ?»

«የሰው ጥራጊ ሰብስባ እሳት አደረገችው። ለዚያ ድቡልቡሏ ግን ተራ ምድጃ አይሆነውም፤ ከሥር አየር ይፈልጋል። ከዘይት ጣሳ ቀዳዳ ያለው ልሠራላት ነው።»

ሸዋርካብሽ የጠቀለለችውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው። «ለኔ የሠራህልኝ ምድጃ እግሩ ከተሰበረ ሁለተኛ ፋሲካው ነው። በድንጋይ ደግፌ ነው የምሠራበት።»

«አልነገርሽኝማ!»

«ዓይን የለህም?»

ካሳ ምድጃውን ዞሮ አየው። እውነትም ድንጋይ ላይ ነው። «እሠራዋለሁ» አለ። በሳምንቱ የሁለቱንም ሠርቶ አመጣ፤ ሸዋርካብሽ ግን የጠሂራን ምድጃ ቀድሞ እንዳወጣው አየች፣ ያንንም ከቀሩት ሁሉ ጋር ቋጥራ አስቀመጠችው።

እንግዲህ ወደ ቀዩ ነገር እንምጣ። ጠሂራ ከሰሉ ውስጥ የምትጨምረው ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው? ሸዋርካብሽ እንቅልፍ ያጣችበት ጥያቄ ይህ ነበር። ምሥጢሩ እዚያ ውስጥ እንዳለ ገብቷታል። በሯን ገርበብ አድርጋ በቀዳዳው ስታይ ስታይ፣ አንድ ቀን ያ ጆንያ ፊቱን አዞረላት። ጆንያው ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት የበርበሬ በረንዳ ነው፣ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ከጆንያው አፍ ላይ ቀይ ዱቄት ብን አለ። ነፋሱም የበርበሬ ሽታ አመጣላት፤ ያ አፍንጫዋ የሚያውቀው ሽታ።

«በርበሬ ነው!» አለች ማታ ለካሳ። «የበርበሬ ፍሬ ዘይት አለው አይደል? ዘይቱ ነው እሳቱን የሚያቆየው። እኔ በየቀኑ የምጠርገውን፣ ነጋዴው የሚያስደፋውን!»

«በርበሬ እሳት ላይ?» አለ ካሳ። «ሰው ይፈጃል እንጂ።»

«ከከሰሉ ጋር ሲታሽ ኃይሉ ይሰበራላ። የሷስ መቼ ፈጀ?»

«እንግዲያው ጠይቂያት።»

«እኔ?» አለች ሸዋርካብሽ። «እኔ ጠሂራን?»

«ምንድን ነው የምትጨምሪበት» ብሎ መጠየቅ ሦስት ቃል ነው። ለሷ ግን እነዚያ ሦስት ቃላት ከሃያ ዓመቷ ሁሉ የከበዱ ነበሩ። ከጠየቀች፣ እሷ ተማሪ ጠሂራ አስተማሪ መሆኗን በገዛ አፏ መፍረዷ ነው። ቅናት ዓይን ያሳውራል ሲባል ሰምታችኋል፤ አፍም ይዘጋል፣ አፍንጫም ይደፍናል።

የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቃል፣ ባያዩት ይሰርቃል። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ጠሂራ ለሰላት ገብታ ሳለ፣ ሸዋርካብሽ በርጩማ ላይ ቆመችና ከጣሪያው ሁለት ድቡልቡል ከሰል አወረደች። ከብብቷ ሥር ደብቃ ገባች፤ ከዚያ በፊት የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም። አንደኛውን ሰበረችው። ከውስጡ ቀይ ቅንጣት ታየ። ምላሷን ብታስነካው ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር። ግን የሃያ ዓመት በርበሬ ቀንጣሽ በርበሬን በዓይኗ እንጂ በምላሷ አትለይም። ሁለተኛውን አስቀረችው።

ከበረንዳው የጭራና የፍሬ ጥራጊ አንድ ጆንያ ተሸክማ መጣች። የከሰል ትቢያ ሰበሰበች። ሃያ አራት ድቡልቡል ሠራች፣ ትልልቅ፣ ከጠሂራ ከሰል የሚበልጡ። የግንቦት ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ አደረቀላት። ለጠየቃት ሁሉ «እሑድ ታዩታላችሁ» ትል ነበር፤ ፊቷም ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ በርቶ አያውቅም።

እሑድ ማለዳ፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ፣ የሰረቀችውን ሁለተኛ ድቡልቡል በትንሿ ምድጃ ላይ አቀጣጥላ አመድ አለበሰችውና ከበሯ ኋላ አስቀመጠችው። የሷ ከጠሂራ ምን ያህል እንደሚበልጥ ልትለካ ነው። ከዚያ የራሷን አሥራ ሁለቱን ማድቤት ውስጥ ባለው ትልቁ ምድጃ ላይ ከመረች፣ ያላትን ፍም ሁሉ ጨመረችበት፣ ባይነሽን ጠራች፣ ሁሉንም ጠራች። «ኑ፣ እሳት ጫሩ! ከዛሬ ወዲያ ከማንም ደጅ አትቁሙ!»

ባለጌ ልጅ በበርበሬ ሲታጠን ያየ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል፤ የዚያን ቀን ግን የታጠነው ግቢው በሙሉ ነው። መጀመሪያ ባይነሽ አንድ ጊዜ አነጠሰች፣ «ይማርሽ» ተባለች። ያን ያለችው ሴትዮ ራሷ ሳትጨርስ ጉሮሮዋን ያዘች። ከዚያ ነጭ ጢስ ከማድቤቱ ተንከባሎ ወጣ። ሰው በግንባሩ በር እየፈለገ ይወጣል፤ እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ትሮጣለች፤ ባህረዲን አሮጊቷን እንደ ጆንያ በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ እሳቸው ይረግሙታል ይመርቁታል። ሳሉ ወደ ጎረቤት ግቢ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ መንገዱ። ሸዋርካብሽ ብቻ ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሰበራል፣ ኃይሉ ይሰበራል» ትላለች።

ጢሱን ተከትሎ ኢስሐቅ ደረሰ። ኢስሐቅ የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው ባይሆንም ፍርሃት ያለበት ሰው ነው። ያን ሰሞን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይከበራል እየተባለ ቀበሌው ሁሉ በጽዳትና በስብሰባ ይታመስ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ፣ አፉን በባርኔጣው ሸፍኖ ገባ።

«ማነው ይሄን ያደረገ?» አለ እየሳለ። «የበላይ አካል ሊጎበኘን ነው ስንባል ሠፈሩን በመርዝ ታጥናላችሁ? ማነው?»

ሁሉም ሸዋርካብሽን አየ። ያ ዓይን፣ ያ የአርባ ሰው ቀይ ዓይን፣ ሃያ ዓመት ሲመርቃት የኖረ ዓይን ነው። አፏም ከሷ ቀድሞ ተናገረ።

«ጓድ ኢስሐቅ፣ ይሄን ድቡልቡል ከሰል እዚህ ግቢ ያመጣችው ጠሂራ ናት።»

ከተናገረችው ውስጥ አንድም ሐሰት ቃል የለም። የከፋ ውሸት እንዲህ ያለው ነው። ካሳ ከቧንቧው አጠገብ ቀና ብሎ አያት።

ጠሂራም አየቻት። አንገቷን ደፋችና «ልክ ናቸው» አለች። «እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ኢስሐቅ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ ሳንባ አልነበረውም። «የቀበሌው ኮሚቴ እስኪወስን ድረስ እዚህ ግቢ ውስጥ ይሄ ነገር እንዳይሠራ፣ እንዳይነድ!» ብሎ አዘዘ። ጠባቂዎቹ ከማድቤቱ ጀምረው በየቤቱ እየገቡ ድቡልቡል ያለበትን ምድጃ ሁሉ ውሃ ቸለሱበት፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሌለበት ቤት አልነበረም፣ ጠሂራ ለሁሉም ሰጥታለች። ጠሂራ ጣሪያው ላይ ያሰጣችውን አውርደው ቱቦ ውስጥ ጣሉት፤ የወር ልፋት። ካሳ የሠራው ባለቀዳዳ ምድጃ ተገልብጦ ጥቁር ውሃ አንጠባጠበ። የሸዋርካብሽን ቤት ግን አላዩትም። የከሳሽ ቤት ማን ይፈትሻል?

ካሳ ማታ ሽሮውን እንደቀዘቀዘ በላ። አልተቆጣትም፣ አልሰደባትም። «የሠራሁልሽ ምድጃ አሁን ቀጥ ብሎ ይቆማል?» ብቻ አላት። እሷም «ይቆማል» አለችው።

ሰኞ ንጋት ላይ ግቢው ውስጥ እሳት የለም። ክብሪት ከፋሲካ ወዲህ ከቀበሌው ሱቅ ጠፍቷል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ቁርስ የለም፣ ሥራ የሚሄድ ወንድ ባዶ ሆዱን ይወጣል። ሸዋርካብሽ ከበሯ ኋላ ትንሿን ምድጃ አየችና ትዝ አላት። አመዱን በጣቷ ገለጠች።

ድቡልቡሉ እንዳለ አለ። ምንም አልጎደለም። ከጫፍ ጫፍ ቀልቷል፤ መሐሉ ላይ የጠሂራ አውራ ጣት የሰረጎደው ምልክት ተቀምጧል።

በሩን ስትከፍት ባይነሽ ቆማለች፣ ገሏን ይዛ። ከኋላዋ ሌሎቹ። «ሸዋዬ» አለች ባይነሽ፣ «የማይሆን ነገር ጠይቄሽ እንደሆነ... እሳት አለሽ?»

አለኝ ከማለት ሌላ ምን ትበል? እሳቱን በጉጠት ከዳር እየሸረፈች ለአንዷ ሰጠች፣ ለሌላዋ ሰጠች፣ ለአሮጊቷም ሰጠች። መሐሉን አልነካችውም፤ እጇ አልታዘዛትም። ገሎቹ ተሞሉ፤ ሴቶቹ ተቀመጡ፤ ወሬው ተጀመረ። «ድሮም እሳት ያንቺ እሳት!» አለች ባይነሽ። «የሰው አዲስ ነገር ምን ያደርጋል? እሳትሽ አይጥፋ!» ሌሎቹም ተቀበሏት፤ እሳትሽ አይጥፋ፣ እሳትሽ አይጥፋ። ሰባት ወር የተራበችው ምርቃት በአንድ ጠዋት መጣላት፣ ከጉሮሮዋ ግን አልወርድ አለ።

ጠሂራ መጨረሻ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ሸዋርካብሽ፣ እንደምን አደሩ። እሳት ልጫር?»

ምድጃው ውስጥ የቀረው መሐሉ ብቻ ነበር። ሸዋርካብሽ ጉጠቱን ዘረጋች፣ ፍሙን ገሉ ላይ አኖረችው። ጠሂራ ጎንበስ ብላ አየችው። የሰረጎደውን ቦታ አየች። ምልክቱን ለይታዋለች፤ የራስን እጅ ሥራ የማይለይ የለም። ቀና ስትል ግን ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ገሉን የያዘችበትን እጅ አዞረችና አውራ ጣቷን አጥፋ በቀሩት ጣቶቿ ሥር ደበቀችው፤ ማንም ከምልክቱ ጋር እንዳያስተያየው።

«አላህ ይስጥልኝ እትዬ» አለች። «እሳትዎ አይጥፋ።» ዞራ ሄደች።

ሸዋርካብሽ ያቺን የታጠፈች ጣት እስክትሞት አልረሳቻትም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ሌባ ብትላት ይሻላት ነበር። ቅናቷ ያኔ እንኳ አለቀቃትም፤ «በዚህም በለጠችኝ» የሚል ቃጠሎ ደረቷን ሲወጋት ተሰምቷታል። ግን ከዚያ ቃጠሎ ጋር አብራ መኖር አልቻለችም።

«ጠሂራ!» ብላ ጮኸች።

«እሺ እትዬ?»

«ያ እሳት የኔ አይደለም» አለች ሸዋርካብሽ። ለጠሂራ ሳይሆን ለሁሉም ነው የምትናገረው። «እናንተም የጫራችሁት የኔ አይደለም። የሷ ነው። ከጣሪያዋ ሰርቄ ነው። የትናንቱን በርበሬ ያነደድኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም። እሷን የወነጀልኳትም እኔ ነኝ።»

ሸዋርካብሽ በባዶ እግሯ ደጁ ላይ ወጥታ ከጠሂራ ፊት ቆመች። ሦስቱን ቃል አሁን አለቻቸው።

«ምንድን ነው የምትጨምሪበት?»

ጠሂራ ግራ ገባት። «ምኑ ላይ እትዬ?»

«ከሰሉ ላይ። ቀዩ።»

«አፈር ነው» አለች ጠሂራ። «ከጉለሌ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ የማመጣው ቀይ አፈር። ጆንያውን ከበረንዳ ነው የለመንኩት። አፈር ብቻ ነው።»

«አፈር?»

«አፈር።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም እኮ» አለች ጠሂራ።

የዚያኑ ዕለት ሸዋርካብሽ ሳትጠራ ቀበሌ ሄዳ ለኢስሐቅ ተናዘዘች። ኢስሐቅ ራሱን አከከ፤ ሦስት እሑድ የሠፈሩን ቱቦ እንድታጸዳ ፈረደባት፣ ክልከላውንም አነሣ፤ ቆየት ብሎም ለጽሕፈት ቤቱ የሻይ ምድጃ ከዚያ ከማያጤሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ይገኝ እንደሆነ በለሆሳስ ጠየቀ። እሑድ ቱቦውን ስትዝቅ የተጣለው ድቡልቡል ረጥቦ ወጣ። አልጣለችውም። ነገር አትጥልምና በሳፋ ሰብስባ፣ ጠሂራ ደጅ ወስዳ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደገና አሹት።

ሃያ ዓመት እሳት ስትሰጥ የኖረች ሴት የራሷ ገል አልነበራትም። ከተሰበረ እንስራ አንድ ቁራጭ መረጠች፣ ጠርዙን በድንጋይ አለሰለሰችው። በማግስቱ ማለዳ ግቢውን አቋርጣ ስምንተኛው በር ላይ ቆመች። ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ገሎቹን ቆጠረች፤ ልማድ ነው። ስድስት፣ ከሷ ጋር ሰባት። ደረቷን ያ የለመደችው ነገር ጨበጥ አደረጋት፣ ለቀቅ አደረጋት።

«እሳት ልጫር?» አለች።

«ይግቡ እንጂ እትዬ፣ አረፍ ይበሉ።»

«እሳት ጫሪ አይቀመጥም» አለች ሸዋርካብሽ፣ በዓይኗ በርጩማ እየፈለገች። ባይነሽ ፈቀቅ አለችላት።